ሁለተኛው ዘፋኝ

የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ በሱዳኗ ኦምዱርማን ከተማ ሰርግ ያለ ጠናብራ አይደምቅም ነበር። ጠናብራ የሚባሉት ከዘፋኙ ኋላ ተሰልፈው፣ ከጉሮሯቸው ቃል የሌለው ወፍራም ድምፅ እያወጡ ዘፈኑን የሚያጅቡ ወንዶች ናቸው። ድምፃቸው ከባድ ስለነበር ግጥሙ ከሥሩ ይቀበር ነበር። እንደሚተረከው ግን እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በአንድ ነጋዴ ሰርግ ላይ ጠናብራዎቹ አኩርፈው ዝም አሉ። ሙሐመድ አሕመድ ሱሩር የተባለ ወጣት ያለ እነሱ ዘፈነ። ጭብጨባና ጥቂት ተቀባዮች በቁት። ሰርገኛው የግጥሙን እያንዳንዱን ቃል ሰማ።

ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የኦምዱርማን ሰዎች ዛሬም የሚዘፍኗቸው በርካታ ዘፈኖች ተወለዱ። ግጥሙን እንደ ኢብራሂም አል ዓባዲ ያሉ ባለቅኔዎች ይደርሱታል፤ ሱሩር፣ አብደልከሪም ከሩማና ጓደኞቻቸው ያዜሙታል፤ ሪቅ የሚባለው ትንሽ ባለ ጸናጽል ከበሮ ምቱን ይጠብቃል፤ ተቀባዮች እያጨበጨቡ ይመልሳሉ። ካይሮ ድረስ እየተጓዙ በሸክላ ያስቀረጹም ነበሩ። ሱሩር በ1940ዎቹ አስመራ ላይ አረፈ፤ ከሩማም በ1947 ተከተለው። ዘፈኖቹ ግን አብረዋቸው አልተቀበሩም። ሌሎች አነሷቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚያስበው ስለነዚያ ሌሎች ነው። አንድ ሰው አስቀድሞ የዘፈነውን፣ አድማጭም በልቡ የያዘውን ዘፈን እንደገና ለመዝፈን የሚነሣ ሰው ምን እያደረገ ነው? ለመጀመሪያው ዘፋኝ ስም፣ ዝናና መታሰቢያ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ግን ሁልጊዜ በጥርጣሬ ይታያል። እንደ ፊተኛው ከዘፈነ «አስመሳይ» ይባላል፤ ከለወጠው ደግሞ «አበላሸው» ይባላል። ሆኖም አንድ ዘፈን ከባለቤቱ ዕድሜ ያለፈ ዕድሜ የሚያገኘው በዚሁ በሚጠረጠረው ሰው በኩል ብቻ ነው።

በጃዝ ዓለም ለሁለተኛው ዘፋኝ ሰፊ ቦታ ተሰጥቶታል። አሜሪካኖቹ «ስታንዳርድ» የሚሏቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ለኒው ዮርክ የሙዚቃ ቴአትሮችና ለፊልም የተደረሱ ናቸው። «ማይ ፈኒ ቫለንታይን» የተባለውን ሪቻርድ ሮጀርስና ሎሬንዝ ሃርት የደረሱት በ1937 «ቤብስ ኢን አርምስ» ለተባለው ቴአትር ነበር። ዛሬ ቴአትሩን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ዘፈኑን ግን በ1950ዎቹ ቼት ቤከር አነሣው፣ ሣራ ቮን አነሣችው፣ ማይልስ ዴቪስ በጥሩምባው አነሣው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ተቆጥረው አያልቁም። በተጻፈበት ሰሞን «ስታንዳርድ» ብሎ የጠራው አልነበረም። ያንን ማዕርግ የሰጡት በኋላ የመጡት ናቸው።

የዚህ ጥበብ ከባዱ ፈተና ደግሞ ድምፃዊ ከፒያኖ፣ ከኮንትሮባስና ከከበሮ ጋር ብቻ ሆኖ የሚቀርጸው ሸክላ ነው። ሦስቱ አጃቢዎች የሚሠሩትን በቅርብ ላየ ሰው ምክንያቱ ይገለጥለታል። ባሱ የስምምነቱን የታችኛውን ድምፅ ይይዛል። ፒያኖ ተጫዋቹ ያንን ስለሚያውቅ ግራ እጁን ከታች አንሥቶ መሐል ላይ ያሳርፋል፤ ባዶ ቦታም ይተዋል። ከበሮ መቺው ዱላውን አስቀምጦ በሽቦ ብሩሽ የከበሮውን ቆዳ ያሻሻል፤ ምቱ ከሚመታ ይልቅ የሚተነፍስ ይመስላል። ዘፋኟ ከምቱ ጥቂት ዘግይታ ትገባለች፤ አንዱን ቃል ታስረዝመዋለች፣ ቀጣዮቹን ሦስት ቃላት ቶሎ ብላ ትጨርስና ከአጃቢዎቿ ጋር እኩል ትደርሳለች። ሃያ ቫዮሊን ቢኖር ትንፋሽ ሲያጥራት የሚሸፍንላት ነበር። እዚህ ግን ትንፋሽ ስትስብ እንኳ ይሰማል።

በነሐሴ 1957 ሣራ ቮን ቺካጎ ውስጥ «ሚስተር ኬሊስ» በተባለው ምሽት ቤት ከጂሚ ጆንስ ፒያኖ፣ ከሪቻርድ ዴቪስ ባስና ከሮይ ሄንስ ከበሮ ጋር ያስቀረጸችው ሸክላ ለዚህ ምስክር ነው። «ታንክስ ፎር ዘ ሜሞሪ» የተባለውን፣ በ1938 ፊልም ላይ በሌሎች ተዘፍኖ የታወቀውን ዘፈን ስትዘፍን ቃሉ ያሰናክላታል፤ ታቆማለች፤ እንደገና ትጀምራለች። አሳታሚዎቹ ስሕተቱን ቆርጠው አልጣሉትም። አድማጩ በዚያ ሸክላ ላይ የሚሰማው ያለቀለትን ዘፈን ሳይሆን አንዲት ሴት ከሌላ ሰው ቃላት ጋር ስትታገል፣ ከዚያም ቃላቱን የራሷ ስታደርጋቸው ነው።

እዚህ ላይ ከራሳችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሁለት ነገሮች ይታወሳሉ። የድጓ ተማሪ ዜማውን ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ምልክቱን ጠብቆ፣ አንዲቱን ሳያጎድል፣ ከዓመት ዓመት እየደገመ ያጠናል። የራሱን ቢጨምር ጥፋት ነው። የቅኔ ተማሪ ደግሞ ተቃራኒው ይጠበቅበታል፤ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የመምህሩን ቅኔ እንኳ ይዞ ቢነሣ አላዋቂ ይባላል። ሁለተኛው ዘፋኝ በነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሟል። ዜማውን እንደ ድጓ ተቀብሎ እንደ ቅኔ ማውረድ ይኖርበታል። ታማኝነቱ በአንድ ጊዜ ለወረሰውም ላልተባለውም ነው። ይህ በቀላሉ የሚታረቅ አይደለም፤ ጥሩ ዘፋኝም የሚያስታርቀው አይመስልም። ሁለቱንም እንደተፋጠጡ ይዞ ይዘፍናል፤ እኛም ስናዳምጥ የሚይዘን ያ ፍጥጫ ነው።

ወደ ኦምዱርማን እንመለስ። የኦምዱርማን ራዲዮ በ1940 በፖስታ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ሥራ ጀመረ። እንግሊዞች ያቋቋሙት ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዜና ነበር፤ ድምፁም በአደባባይ በተሰቀሉ የድምፅ ማጉያዎች ይሰማ ነበር። ሆኖም ዜና ብቻውን ሕዝብ አይሰበስብም፤ ስለዚህ ዘፋኞች ተጠሩ። ኢብራሂም አል ካሺፍና የዘመን ጓደኞቹ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቆሙ የሰርጉ ጭብጨባ ቦታውን ለዑድ፣ ለቫዮሊን፣ ለአኮርዲዮንና ለቦንጎ ለቀቀ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓይሻ አል ፈላቲያ በራዲዮው የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሱዳናዊት ሆነች፤ ወንዶቹ ዘፋኞች መቃወማቸው አላገዳትም። በጦርነቱ ጊዜ ለሱዳን ወታደሮች እየተዘዋወረች ዘፍናለች፤ እኅቷ ጂዳዊያ ዑድ ታጅባት ነበር።

የድሮዎቹ የሱሩርና የከሩማ ዘፈኖች «ሐቂባ» የተባሉትም ከዚሁ ራዲዮ የተነሣ ነው። አሮጌ ሸክላዎችን እያነሣ የሚያሰማ ፕሮግራም ነበረ፤ ስሙም የጥበብ ቦርሳ እንደ ማለት ነው። ያ ስም በዘፈኖቹ ላይ ቀረ። ሱሩር «ሐቂባ እዘፍናለሁ» ብሎ አያውቅም፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው መለስ ብለው አንድ ስም የሰጡት። በዚያ ፕሮግራም ያደጉ ልጆች ደግሞ የተሰማውን በአዲስ ጉሮሮ ዘፈኑት። ኒው ዮርክና ኦምዱርማን እርስ በርስ ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተዋል፤ ትናንት የሰርግ ወይም የቴአትር የነበረውን ዘፈን ሁሉም የሚለካበት መለኪያ አድርገውታል።

ይህ መለኪያ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የኸሊል ፈረህ ዘፈን ያሳያል። ኸሊል ከሰሜን ሱዳን የመጣ ኑቢያዊ ነበር፤ በፖስታና ቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ከተነሡት ወጣቶች ጋር አብሮ ያስብ ነበር። በ1924 ዓሊ አብደል ለጢፍ የመራው የነጭ ባንዲራ ማኅበር እንቅስቃሴ ተደፍጥጦ መሪዎቹ ከታሰሩ በኋላ፣ ኸሊል ፈረህ «ዓዛ ፊ ሀዋክ» የተባለውን ዘፈን ለሕዝብ ተወ። ዓዛ የዓሊ አብደል ለጢፍ ባለቤት ስም ነው። ሳንሱር የሚያየው የፍቅር ዘፈን ነው፤ አድማጩ የሚሰማው አገሩን ነው። ለእኛ ሰምና ወርቅ እንግዳ ነገር አይደለምና ሥራው ወዲያው ይገባናል። ኸሊል በ1932 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ዘፈኑ ግን ከእሱ በኋላ ከትውልድ ትውልድ እየተቀያየሩ በመጡ ድምፃውያን አፍ ቆየ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። በኸሊል ዘመን ሰሙ ፍቅር፣ ወርቁ ነፃነት ነበር። ሱዳን በ1956 ነፃ ከወጣች በኋላ ዘፈኑን የሚያነሣ ሰው ወርቁ ተገልጦ ያገኘዋል፤ የሚደበቅ ነገር የለውም። ቃሉ ያው ነው፤ ዜማው ያው ነው፤ ነገር ግን አደጋው የለም። ከዚያ በ1989 መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣና ዘፈን ራሱ ሲጠረጠር ያው ዘፈን እንደገና አደጋ ተሸከመ። አንድም ቃል ሳይለወጥበት ሦስት ዘፈን ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ «እንደ ፊተኛው መዝፈን» የሚባለው ነገር በእውነት የለም። ሁለተኛው ዘፋኝ ለመለወጥ ባይፈልግ እንኳ የቆመበት ቀን ይለውጥለታል። የሚቀርለት ምርጫ ይህን አውቆ መዝፈን ወይም ሳያውቅ መዝፈን ነው።

ኦምዱርማን የራሱም «ጃዝ» ነበረው። በ1935 እዚያው የተወለደው ሸርሐቢል አሕመድ የኤሌክትሪክ ጊታርና ሳክስፎን ይዞ ሲመጣ የሱዳኑን ዜማ ከሮክና ከምሥራቅ አፍሪካ ምት ጋር አገናኘው፤ ሰዎችም የጃዝ ንጉሥ አሉት። የአሜሪካው ዓይነት ጃዝ አይደለም፤ ፒያኖና ብሩሽ የሌለበት፣ ለዳንስ የተሠራ ሙዚቃ ነው። ባለቤቱ ዛኪያ አቡልቃሲም ደግሞ ከሱዳን ሴቶች ጊታር በመጫወት የመጀመሪያዋ ናት። ሸርሐቢል ሠዓሊም ነበር፤ «አል ሲብያን» በተባለው የሕፃናት መጽሔት ላይ «ዓም ታንጎ» የተባለውን ገጸ ባሕርይ የሣለው እሱ ነው። የእሱ መንገድ ለዚህ ሐሳብ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። የኦምዱርማን ዜማ ከጭብጨባ ወደ ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲሻገር ዜማነቱን አልጣለም። ይህን የሚያስችለው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመው ቅኝቱ ነው።

ኢትዮጵያዊ አድማጭ ወደ ነገሩ የሚገባውም በዚሁ በር ነው። የካይሮን ዘፈን ለመውደድ ጆሮ መልመድ አለበት፤ የኦምዱርማንን ግን ገና ሲሰማው ያውቀዋል። የሱዳናውያኑ ድምፃውያን የሰይድ ኸሊፋና የሙሐመድ ወርዲ ዘፈኖች ዐረብኛ አንድ ቃል በማያውቅ ሰው አፍ በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በመተማም ተዘፍነዋል። ወርዲ በ1990 ጋምቤላ፣ ኢታንግ መጠለያ ለነበሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ዘፍኗል፤ በ1994 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ያቀረበውን ኮንሰርት ሱዳኖችና ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ ያነሡታል። ከአገሩ ተሰድዶ በነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። ቋንቋውን የማያውቅ ሰው አብሮ ሲዘፍን ምን ይወርሳል? ግጥሙን አይደለም፤ ታሪኩንም አይደለም። የሚወርሰው የድምፁን አካሄድ፣ የት እንደሚወጣና የት እንደሚሰበር ነው። አንድ ዘፈን ቃሉ ሁሉ ወልቆበት በባዕድ አገር መኖር ከቻለ በውስጡ ከቃል የጠነከረ ነገር አለ ማለት ነው።

በአዲስ አበባም የሁለተኛው ዘፋኝ ጥያቄ የቆየ ነው። ትዝታ ባለቤቱ አይታወቅም፤ መሐሙድ አሕመድም፣ ጌታቸው ካሳም፣ በዛወርቅ አስፋውም፣ አስቴር አወቀም ዘፍነውታል፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ግጥም ይዘው መጥተዋል። ትዝታን «ማን በመጀመሪያ ዘፈነው» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግርማ በየነ ደግሞ ሌላ ነገር አድርጓል። በ1960ዎቹ በድምፃዊነት፣ በፒያኖ ተጫዋችነትና በአቀናባሪነት የታወቀው ይህ ሰው ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ አሜሪካ ከኖረ በኋላ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር የወጣትነት ዘፈኖቹን እንደገና አስቀርጾ አሳትሟል። እሱ የራሱ ሁለተኛ ዘፋኝ ሆነ። ድምፁ አርጅቷል፤ የፍቅሩ ቃል ግን በወጣት የተጻፈ ነው። አድማጩ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ጊዜ ይሰማል።

አንድ የኦምዱርማን የሐቂባ ዘፈን በፒያኖ፣ በባስና በከበሮ ቢሞከር ምን ይገጥመዋል? አምስቱ ድምፆች በፒያኖው ቁልፎች ላይ ይገኛሉ፤ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ የነካ ልጅ እንኳ የሚያውቀውን ነገር ይሰማል። ችግሩ በድምፆቹ መካከል ነው። ከሩማ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው አይዘልም፤ ይንሸራተታል፤ መድረሻው ላይም ድምፁን ያንቀጠቅጣል። ዑድና ማሲንቆ ይህን ይከተሉታል። ፒያኖ ግን አይንሸራተትም፤ ቁልፉ ሲነካ ድምፁ ያው በተቃኘበት ይወጣል። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይህን በጣቶቻቸው ፍጥነት ለማለፍ ሞክረዋል፤ ዋናውን ድምፅ ከመምታታቸው በፊት ጎረቤቶቹን እንደ ዋዛ ነክተው ያልፋሉ፤ ጆሮ የሚሰማው መንሸራተት የሚመስል ነገር ነው። ድምፃዊ ከፒያኖ ጋር ሲሆን ደግሞ መንሸራተቱ ሁሉ በእሱ ጉሮሮ ላይ ይወድቃል። መሣሪያው የማይችለውን ድምፁ ብቻውን ይሸከማል፤ ስለዚህ ከቫዮሊኖቹ ዘመን ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሱሩር ያለ ጠናብራ የዘፈነ ጊዜ የሆነውም ይኸው ነበር።

ይህን ሁሉ ማሰብ ዛሬ የሚያስፈራ ምክንያት አለው። በኅዳር 1994 ድምፃዊው ኾጃሊ ዑስማን እዚያው ኦምዱርማን በሚገኘው የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ተገደለ፤ ሌላው ድምፃዊ አብደልቃድር ሳሊምም ቆሰለ። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ የኦምዱርማንን የራዲዮና የቴሌቪዥን ሕንፃ ያዘ፤ የመንግሥቱ ጦር ያስለቀቀው በመጋቢት 2024 ነበር። ከ1940 ጀምሮ የተከማቸው የድምፅ ሀብት ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጦር ሜዳ መሐል ተቀመጠ። በግንቦት 2023 የኮርዶፋንን ሴቶች የዘፈን ባህል ታጠናና ትዘፍን የነበረችው ሸደን ጋርዱድ ኦምዱርማን ውስጥ በተኩስ መሐል ሕይወቷ አለፈ። አንዲት ድምፃዊት ስትሞት የሚጠፋው የራሷ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከአያቶቿ ተቀብላ ገና ያላስተላለፈችውም አብሮ ይሄዳል።

«ዘፈን በሕዝብ አፍ ስላለ አይጠፋም» የሚል ማጽናኛ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። ካይሮ፣ አዲስ አበባ፣ ካምፓላና ናይሮቢ የተበተኑት ሱዳናውያን ሙዚቀኞች በየደረሱበት እየዘፈኑ ነው። ግማሹ ግን ሐሰት ነው፤ ምክንያቱም አፍ ይረሳል፤ የረሳውንም በሌላ እየተካ መርሳቱን አያውቅም። ሁለተኛው ዘፋኝ ነፃ የሚሆነው የመጀመሪያው የት እንደቆመ ሲያውቅ ነው። ሣራ ቮን ከምቱ የዘገየችው ምቱ የት እንደሆነ ስለምታውቅ ነው። የከሩማ ሸክላ ከጠፋ ከእሱ መለየትም አብሮ ይጠፋል፤ የቀረው ዘፋኝ ሳይፈልግ የመጀመሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቤተ መዛግብቱና ጉሮሮው አንዱ የሌላው ምትክ ሆነው አይቆጠሩም።

ለእኛም የሚቀርብ ሥራ አለ። በአገራችን መድረክና ካሴት ላይ ስንት የሱዳን ዜማ አማርኛ ግጥም ለብሶ ኖሯል፤ ብዙ ጊዜም ባለቤቱ «የሱዳን ዜማ» ተብሎ ብቻ ይታለፋል። በአሜሪካኖቹ ሸክላዎች ላይ የሮጀርስና የሃርት ስም ይታተማል፤ ቼት ቤከርን የሚሰማ ሰው ዘፈኑ ከየት እንደመጣ በዚያ ያውቃል። አንድ የአዲስ አበባ ድምፃዊ የኦምዱርማንን ዘፈን ሲያነሣ ገጣሚውን፣ ዜማ ደራሲውንና አስቀድሞ የዘፈነውን ሰው በስማቸው ቢጠራ፣ አንድ ሱዳናዊ ስደተኛ በታክሲ ውስጥ ያንን ሲሰማ ከዜማው ጋር ስሙንም ያገኛል። የራዲዮ አቅራቢዎቻችንና አሳታሚዎቻችን ይህን ለማድረግ የሚያስፈልጋቸው የአንድ ቀን ጥያቄ ነው፤ የሚጠየቁት የኦምዱርማን ሙዚቀኞች ደግሞ አንዳንዶቹ በከተማችን ይገኛሉ።